አባቴ የገዥውን ደጅ የጠኑበት ቀን

ሳክራሜንቶ እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ፣ የመጨረሻው ፈተናም አልፎልኝ፣ ከሳን ሆዜ በአውቶቡስ ኦክላንድ እታለም ዘንድ መጥቼ ነበር። እታለም የምላት ታላቅ እኅቴን ነው። አባታችን ከአዲስ አበባ መጥተው እሷ ቤት ካረፉ አንድ ወር ሊሞላቸው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ወጣ ብለው አንድ ነገር እንዲያዩ ማድረግ አልቻልንም። ትልቁን ድልድይ እናሳይዎት ስንላቸው "ድልድይ አገሬም አለ" አሉ። ባሕሩን ስንላቸው "ውኃ ምኑ ይታያል?" አሉ። እኔ ስለ መንግሥት አስተዳደር የሚያስተምር ኮርስ ወስጄ ስለነበር፣ እንግዲያው የካሊፎርኒያ መንግሥት የሚቀመጥበትን ሕንፃ ብናይስ አልኩ። ሕግ አውጪዎቹም ገዥውም እዚያው እንደሚሠሩ፣ ሕንፃው የሕዝብ ቤት እንደሚባል፣ ማንም ሰው ያለ ከልካይ እንደሚገባበት አስረዳኋቸው።

አባባ የያዙትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጡ።

"ማንም ይገባል?"

"ማንም።"

"ገዥው እስካለበት ድረስ?"

"እስከ ቢሮው በር ድረስ።"

"እንግዲያው እንሂድ" አሉ።

ደስ አለኝ። ኮርሱ ጠቀመኝ ብዬ አሰብኩ።

በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእታለም ላይሰንስ፣ የነርስነት ፈቃዷ። እኅቴ አዲስ አበባ ተምራ የተመረቀች ነርስ ናት። እዚህ ግን የስቴቱን ላይሰንስ እስክታገኝ ድረስ ነርስ አትባልም። ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የአዛውንት መጦሪያ በረዳትነት ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ሽማግሌዎችን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ አንሶላ ትቀይራለች። ማመልከቻዋን ከላከች ከዓመት በላይ ሆኗታል፤ ኮል ባደረገች ቁጥር "ፔንዲንግ ነው"፣ ገና አልተወሰነም ይሏታል። ላይሰንሱ ቢመጣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ተቀጥራ እየሠራች ትምህርቷን ትቀጥላለች። ሐሳቧ ይኸው ነው፤ እዚህ መቅረት ትፈልጋለች።

አባባ የመጡት ደግሞ ሊጠይቋት ብቻ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አገር ቤት የሠለጠነችበት ሐኪም ቤት በመጣች ቀን ሊቀጥራት ዝግጁ ነው። "ወይ የተማርሽበትን ሥራ ይስጡሽ፣ ወይ ከእኔ ጋር ትመለሻለሽ። ሌሊቱን ሙሉ ስትለፊ እያየሁ ጥዬሽ አልሄድም" ብለዋታል። እሷም እሺ ብላለች። የመመለሻ ቀናቸው እየቀረበ ሲሄድ ነገሩን የሚያነሣ ሰው ጠፋ። ራት ላይ ሦስታችንም ስለ ሳህኑና ስለ ጨው ብቻ እናወራ ነበር።

የሄድን ዕለት እታለም የመጣችው በቀጥታ ከሌሊት ሺፍቷ ነው። ነጩን የሥራ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ዓይኖቿ ቀልተዋል። ለሌላ ቀን እናድርገው አልኳት።

"ለሌላ ቀን መቼ? እኔ እንደሆን ሁልጊዜም ከሺፍት ነው የምመጣው" አለች። መኪና የምትነዳውም እሷ ብቻ ናት።

አባባ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባታቸው ለብሰዋል። በአንድ ክንዳቸው ነጠላቸውን አጥፈው ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ቆሎ አለ።

"አባባ፣ ምሳ እኮ እንገዛለን" አልኳቸው።

"ብንቆይስ?"

"ቢበዛ እስከ ቀትር ነው የምንቆየው።"

"እሱን አንተ አትወስነውም" አሉና ከፊት ወንበር ገቡ።

መንገዱ እስከ ኮረብታዎቹ ድረስ ቀዝቃዛ ነው፤ ጭጋግ አለው። ኮረብታዎቹን ካለፉ በኋላ ግን ሙቀቱ የምድጃ በር እንደተከፈተ ሆኖ ይመጣል። የእታለም መኪና አሮጌ ናት፤ ነፋስ የምታገኘው በመስኮት ብቻ ነው። እኅቴ እንቅልፍ እንዳይወስዳት መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ፊቷን ለነፋሱ ሰጠች። እኔ ከኋላ ሆኜ በቤተ መጻሕፍት አንብቤ የያዝኩትን እተርክ ጀመር፤ ሕንፃው መቼ እንደተሠራ፣ ሁለቱ ምክር ቤቶች የትና የት እንደሚቀመጡ፣ ሕግ እንዴት እንደሚወጣ።

አባባ እስክጨርስ ሰሙኝና፣ "ገዥው በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?" አሉ።

"እሱን አላውቅም።"

"ከገባ በኋላስ? ለምሳ ይወጣል ወይስ እዚያው ያስመጣል?"

"አላውቅም፣ አባባ።"

"ታዲያ ዓመቱን ሙሉ ምን ስትማር ነበር?"

እታለም ሳቀች። ጠዋት ከመጣች ወዲህ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ሕንፃው ነጭ ነው፤ ጉልላቱ ከሩቅ ይታያል። ዙሪያውን ትልልቅ ዛፎች ያሉበት መናፈሻ አለ። ደረጃው ሥር ስንደርስ አባባ ቆሙ። ዳቦ ቆሎውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ነጠላቸውን ዘረጉና በሙሉ ልብሳቸው ላይ አደገደጉ፤ ነጠላውን በደረታቸው አዙረው ወገባቸው ላይ አሰሩት፣ ጫፉን ሸጎጡት። ጎንበስ ብለው ጫማቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

"አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?" አለች እታለም።

"የመንግሥት ቤት አይደለም እንዴ?"

"እሱማ ነው፤ ግን እዚህ እንደዚህ አያደርጉም።"

"እነሱ የራሳቸውን ያድርጉ" አሉና ደረጃውን መውጣት ጀመሩ።

በዚያ ዘመን በሩ ላይ የሚፈትሽ ስላልነበረ የጠየቀን ሰው የለም። ይህ እኔን ያኮራኝ ነገር አባባን አሳሰባቸው። ግራና ቀኝ አዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ዘበኛ የለም" አሉ።

"አዎ፣ ነግሬዎታለሁ እኮ። ክፍት ነው።"

"ዘበኛ ከሌለ ሰውየው የለም ማለት ነው።"

ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ወለሉ ድንጋይ ስለሆነ የእያንዳንዱ ሰው ኮቴ ይሰማል። አንዲት አስጎብኚ የትምህርት ቤት ልጆችን ሰብስባ ስለ ጉልላቱ ትናገራለች። ከኋላቸው ተሰለፍንና እኔ መተርጎም ያዝኩ። ሁሉንም ልተርጉም ስል ቶሎ ደከመኝ። እታለም ግድግዳ ተደግፋ ትንሽ ከቆመች በኋላ፣ "እናንተ ዙሩ፣ እኔ እዚህ ነኝ" ብላ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያውም እንቅልፍ ወሰዳት። አስጎብኚዋ ስለ ግድግዳው ሥዕሎች የምትለውን ለመያዝ ወደፊት ጠጋ አልኩ። ዞር ስል አባባ የሉም።

መጀመሪያ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ፈለግኋቸው። ከዚያ ውጪውን አየሁ። በመጨረሻ ያገኘኋቸው በአንድ ረጅም ኮሪደር ጫፍ፣ የገዥው ቢሮ በር አጠገብ ነው። ወንበር ነበር፤ አልተቀመጡም። ጀርባቸውን ከግድግዳው ትንሽ አራቅ አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ቆመዋል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ዝቅ ብለው እጅ ይነሣሉ።

"አባባ! ስፈልግዎት ነበር እኮ።"

"ቀስ በል፤ ድምፅህን ዝቅ አድርግ።"

"ምን እየሠሩ ነው?"

"ምን እሠራለሁ፤ ደጅ እጠናለሁ።"

አባባ ደጅ መጥናት ያውቁበታል። ከጉምሩክ ጸሐፊነታቸው ጡረታ ወጥተዋል፤ ነገር ግን እኔ ልጅ ሳለሁ ከሥራቸው ይልቅ የምናውቀው ስለ አያታችን መሬት የነበረባቸውን ክርክር ነው። ፈቃድ እየጠየቁ፣ ስንቅ እየያዙ፣ አንዴ በአንዱ ባለሥልጣን በር፣ አንዴ በሌላው ችሎት ደጅ ይውሉ ነበር። ማን መቼ እንደሚወጣ፣ የቱ ጋ ቢቆሙ ዓይን እንደሚገባ፣ መቼ ድምፅ ማሰማት መቼ ዝም ማለት እንደሚያዋጣ ያውቃሉ። ከመሬቱ እኩሌታውን ያስመለሱት በጠበቃ አይደለም፤ በእግራቸው ነው።

"እዚህ አገር በዚህ መንገድ አይሆንም" አልኳቸው።

"ማንም ይገባል፣ እስከ በሩ ድረስ ይደርሳል ያልከኝ አንተ አይደለህም?"

"ለማየት ነው ያልኩት፣ ለመጎብኘት።"

"በር ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ መጣን?" አሉ። ከልባቸው ነበር የገረማቸው።

በሩ ተከፈተና አንዲት ወጣት ወረቀት ታቅፋ ወጣች። አባባ እጅ ነሡ። እሷም ግራ ገብቷት ራሷን ዝቅ አደረገችና ሄደች። ቀጥሎ የቆሻሻ ቅርጫት የሚገፋ ሰው ወጣ። ለእሱም እጅ ነሡ።

"አባባ፣ ይሄኛው ጽዳት ሠራተኛ ነው።"

"ይሁና። ከውስጥ ነው የወጣው።"

የትምህርት ቤት ልጆቹም ደረሱ። አስጎብኚዋ ስለ ገዥው ቢሮ ስትናገር ልጆቹ የሚያዩት ነጠላ ያደገደጉትን ሽማግሌ ነው። አንዷ ልጅ መሐል ወገቧን ይዛ ዝቅ አለችላቸው። አባባ በጣም ደስ ብሏቸው መለሱላት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ አጠገባቸው ቆምኩ። ድንጋዩ ላይ መቆም እግር ይጨርሳል። ዳቦ ቆሎውን ፈታሁና በላን።

እታለም ነቅታ ያገኘችን ከዚያ በኋላ ነው። የአግዳሚው እንጨት ጉንጯ ላይ ምልክት አውጥቷል። አንዴ አባባን፣ አንዴ በሩን አየች፤ ወዲያው ገባት።

"ስለ እኔ ነው የቆሙት?"

"ስለ ማን ልቁም?"

"አባባ፣ እባክዎ። ሰው እያየን ነው። እዚህ ወረቀት ይላካል፣ ከዚያ ይጠበቃል።"

"ወረቀትሽን ልከሻል። አጠገቡ ግን ማን አለ? ይህን ወረቀት ዛሬ እዩልኝ የሚል ማን ቆሞልሻል?"

"ማንም አይቆምም! ለማንም ሰው አይቆምለትም! ለሁሉም እኩል ነው።"

"ለሁሉም እኩል ከሆነ ምነው አንቺ ብቻ ደከመሽ?"

እታለም ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በእጆቿ ያዘች። አባባም የተናገሩት ከበዳቸው መሰለኝ፤ ዓይናቸውን ወደ በሩ መለሱ። ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም።

በመጨረሻ አንዲት ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን በአንገቷ ያንጠለጠለች ጸሐፊ ወጣች። ከውስጥ አይተውን እንደነበር ያስታውቃል። ምን ልርዳችሁ አለች። አባባ እጅ ነሡና ንግግራቸውን ጀመሩ፤ መንገድ ላይ ሲያዘጋጁት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

"ጌታዬን በጤና ያኑርልኝ። ይህች ልጄ ናት። ነርስ ናት። ሐሰት ካለበት ይመርመር። ያለ አግባብ ስጧት አልልም። ፋይሏ ተገልጦ ይታይና አዎን ወይም አይሆንም በሉኝ። አይሆንም ካላችሁ ይዣት አገሬ እገባለሁ፤ አልቀየማችሁም። ዝም ብላችሁ ግን አታቆዩኝ፤ ዕድሜዬ ሄዷል።"

እኔ ለሴትዮዋ "አባቴ ስለ እኅቴ የነርስነት ፈቃድ መጠየቅ ፈልገው ነው" አልኳት።

አባባ አፈጠጡብኝ። "ይኼን ብቻ ነው ያልኩት?"

"እንግሊዝኛው አጭር ነው፣ አባባ።"

"አይደለም። የቀረውንም ንገራት።"

ነገርኳት። ሁሉንም፣ ዕድሜዬ ሄዷል እስከሚለው ድረስ። ሴትዮዋ ስትሰማኝ ቆየችና የእታለምን ነጭ ጫማ አየች። ገዥው በዚህ ሳምንት በከተማው እንደሌሉ፣ ቢኖሩም ይህ ጉዳይ ወደ እሳቸው እንደማይመጣ ነገረችን። የነርሶችን ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ግን እዚሁ ከተማ ነው፤ በእግር የሚደረስ። በቀጥታ ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ አለች። መንገዱን በእጇ እያሳየች አስረዳችኝ።

ለአባባ ተረጎምኩላቸው።

"ዘበኛ ሲጠፋ ገምቼ ነበር እኮ" አሉ። ሴትዮዋን አመሰገኑና ወደ እታለም ዞሩ። "ተነሺ፣ እሜቴ።"

"አባባ፣ ቢሮውን አውቀዋለሁ። አድራሻውን በቃሌ ነው የማውቀው።"

"ታዲያ ለምን አልሄድሽም?"

እታለም ቀና ብላ አየቻቸው። "አይሆንም ቢሉኝስ? ፔንዲንግ እስካሉኝ ድረስ እኮ መቆየት እችላለሁ።"

አባባ እጃቸውን ዘረጉላት፤ ይዛ ተነሣች።

ውጪው በጣም ይሞቅ ነበር። አስፋልቱ ይለበልባል። በጥላ በጥላ እየሄድን፣ እኔ አንዴ መንገድ ስቼ ወደ ኋላ መልሼአቸው፣ ደረስን። ቢሮው ተራ ቢሮ ነው፤ ባንኮኒ፣ ወንበሮች፣ ግድግዳ ላይ ሰዓት። አባባ ነጠላቸውን እንዳደገደጉ በሩ አጠገብ ቆሙ። እኔ ልናገርልሽ ስላት እታለም እጇን አወዛወዘችና ራሷ ወደ ባንኮኒው ሄደች። አንድ ወጣት ሠራተኛ ስሟን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። እታለም በሁለት እጇ የባንኮኒውን ጠርዝ ይዛ ጠበቀችው።

ፋይሉን ይዞ መጣ፤ ገልጦም አሳያት። ማመልከቻው አለ። ፎቶግራፉ አለ። የሐኪም ቤቱ ምስክርነት አለ። የጎደለው የትምህርት ማስረጃዋ ነው። እሱ ደግሞ ከራሷ እጅ አይወሰድም፤ የተማረችበት ትምህርት ቤት በቀጥታ አሽጎ መላክ አለበት። እሱ ከደረሰ ሌላው የተሟላ ነው አላት። አይሆንም ያላት ሰው የለም፤ ፋይሉ የሚጠብቀው ያንን ነበር።

"ለትምህርት ቤቱ ደጋግሜ ጽፌላቸዋለሁ" አለች ወደ እኛ ተመልሳ። ድምፅዋ በጣም ቀጥኖ ነበር። "ልከዋል ብዬ ነበር እኮ። አንድም መልስ አልሰጡኝም፤ ዝም ሲሉ ልከውት ነው አልኩ።"

"ምን አሉ?" አሉ አባባ።

ነገረቻቸው። አባባ ጥያቄ ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ የነበሩት ሰውዬ አሁን ስለሚያውቁት ነገር የሚጠይቁ ሆኑ።

"ማሠልጠኛው ያው ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ያለው ነው?"

"አዎ።"

"መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው ወይስ ፎቅ?"

"ፎቅ፣ በደረጃው በስተግራ።"

"ማኅተሙ በማን እጅ ነው?"

"በዳይሬክተሯ። መዝገብ ያዡ ጽፎ ለእሷ ነው የሚያቀርበው።"

"ክረምት ሲገባ ይዘጋሉ?"

"ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ሰው አይገኝም።"

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጠላቸውን ፈቱ፤ ቀስ ብለው እያጠፉ ክንዳቸው ላይ አደረጉት። 

ስንመለስ እታለም መንዳት አልቻለችም። ከዴቪስ ከተማ አለፍ እንዳልን ጭንቅላቷ ዝቅ፣ ቀና ማለት ጀመረ። አባባ አስቁሚ አሏት። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን በአንድ የእርሻ መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፎች ሥር ቆምን። ወደ ኋላ ወንበር ተሻግራ ወዲያው ተኛች። እኔና አባባ ወርደን መኪናዋን ተደግፈን ቆምን። እግሬ ያመኝ ነበር። ከሩቅ የቲማቲም ማሳ ይታያል፤ ሰዎች ጎንበስ ብለው ይሠራሉ።

"ትኬቴን ወደዚህ ሳምንት አስቀይርልኝ" አሉኝ።

"ገና ጊዜ አለዎት እኮ።"

"ማሠልጠኛው ሳይዘጋ ልድረስ። አንድ ቀን አይበቃም። መጀመሪያ ቀን ነገ ተመለስ ይሉኛል፣ ሁለተኛውን ቀን ፋይሉ አልተገኘም ይሉኛል። አውቀዋለሁ።"

ከዚያ የመጡበትን ምክንያት አስታወስኩ፤ እሳቸውም ያሰብኩትን ያወቁ መሰለኝ።

"ይዣት ልሄድ ነበር የመጣሁት" አሉ።

"አውቃለሁ፣ አባባ።"

"አሁን ብተወውስ? ደጃቸው ቆሜ ነበር፣ እምቢ አሉኝ ብላትስ? ማን ያውቅብኛል?"

ጥያቄው ለእኔ መሆን አለመሆኑን አላወቅሁም። ሰው ደስ እንዲለው መልስ መስጠት የለመድኩ ነኝ፤ በክፍል ውስጥም በቤትም እንደዚያው ነኝ። ያን ጊዜ ግን አባባን ደስ የሚያሰኝ መልስ ፈልጌ አጣሁ። አዎ ብላቸው እኅቴን አጣለሁ፤ አይ ብላቸው እሳቸውን ባዶ እጃቸውን እሸኛለሁ።

"እንጃ፣ አባባ" አልኩ።

"ደጅ ሳልቆም ቆምኩ ማለት አልችልበትም" አሉ። "ሌላውን ሁሉ እችል ይሆናል።"

ፀሐይዋ ዞራ በኋላው መስኮት ገብታ እታለም ፊት ላይ አርፋለች። አባባ አዩዋት። ነጠላቸውን ከክንዳቸው ላይ አነሡና ዘረጉት፤ አንዱን ጫፍ በመስኮቱ አፍ ሸጉጠው ሌላውን በእጃቸው ይዘው ጥላ አደረጉላት። እኔ ልያዝልዎት አልኳቸው።

"አንተ ተቀመጥ" አሉኝ። "እኔ መቆም ለምጃለሁ።"